«ሲልት የለውም» እያልኩ የሸጥኩት አሸዋ

አሸዋ መሸጥ በጀመርኩበት ቀን የመጀመሪያው ጭነቴ ተመለሰ። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ቤት በሚሠራበት ቦታ ነው። አይሱዙው ሳይራገፍ ኢንጂነሯ አሸዋ በእፍኟ ዘግና የላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረች። ውሃ ሞላችበት፣ ጨው ጣል አደረገችበት፣ ናጠችውና ጣውላ ላይ አቆመችው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለስ አለችኝ።

ስመለስ አሸዋው ከታች ተኝቷል። በላዩ ጣት የሚያክል ቡናማ ነገር ረግቶበታል።

«ሲልት አለው። መልሰው።»

ሲልት ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ደለል ነው አለች፤ ውሃ የሚያመጣው፣ ከአሸዋ የደቀቀ፣ እንደ ሸክላ አፈር ግን የማያጣብቅ፣ ዱቄት የመሰለ አፈር። አሸዋውን ይለብሰውና ሲሚንቶው እንዳይጨብጠው ያደርጋል። ደለልማ ከሆነ በቆሎ ይወደዋል አልኳት።

«በቆሎ ልትዘራ ነው ወይስ የፎቅ ኮለን ልታቆም?»

አሸዋውን ይዘን ስንመለስ ሹፌሩ መንገዱን ሙሉ ሳቀብኝ።

አሸዋ በመዳፍ ማሸትን ከነባር ነጋዴዎች ተማርኩ። ታሽቶ ሲራገፍ መዳፍህ ካልጠራ ደለል አለበት። ጠርሙሱን የማወጣው ኢንጂነር ላለበት ሥራ ብቻ ነበር። ለግል ቤት ሠሪ ሲልት የምትለው ቃል ብቻ ትበቃኛለች። «አሸዋዬ ሲልት የለውም» ስለው በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። ምን ማለት ነው ያለኝ አልነበረም። እኛ ከተማ ብዙው ሰው አማርኛን በአፍ መፍቻው ላይ ደርቦ የተማረ ነው፤ አንድ እንግዳ ቃል ቢጨመርበት አይደነግጥም።

ግንበኞቹ ያውቃሉ። ግን ደለል ያለበት አሸዋ ልስን ላይ እሺ ስለሚላቸው ይወዱታል። ስንጥቁ የሚመጣው እነሱ ማሻ ከተማ ሄደው ሌላ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ሐጂ የምላቸው ደንበኛዬ ከጅማ በኩል የመጡ የቡና ነጋዴ ናቸው። ከሱቃቸው በላይ ለቤተሰባቸው ፎቅ ይሠሩ ነበር። ለሶሌታው፣ ለፎቁ ወለል አርማታ፣ የሚሆነውን አሸዋ ንጹሕ ከሚገኝበት ከታችኛው ወንዝ ላመጣላቸው ተስማማን። ዝናብ መንገዱን ቆረጠውና ሹፌሩ ከቅርቡ ወንዝ ጭኖ መጣ። በመዳፌ አሸሁት፤ መዳፌ አልጠራም። ሐጂ እንዴት ነው ሲሉኝ አፌ የለመደውን አለ።

«ሲልት የለውም።»

ከሰዓት ዶፍ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት አርማታው ሊሞላ ነውና ሄድኩ። ዝናቡ ክምሩን አጥቦት ከሥሩ ቡናማ ደለል ተንጣሏል። ሐጂ ቁጢጥ ብለው በጣታቸው ይጠርጉታል። ከቡና ማጠቢያ ገንዳ ሥር ምን እንደሚዘቅጥ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ጎርፍ ከመንገድ ያመጣው ነው ብል ግንበኛው አያጋልጠኝም። ቀና ስል የሶሌታው ብረት ታስሮ አልቋል። ከሥሩ ሱቁ ነው፣ ከላዩ የልጆቻቸው መኝታ።

«ሲልት ነው» አልኳቸው።

«ሲልት ምንድን ነው?»

በዚያ ሁሉ ዓመት የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ኢንጂነሯ የነገረችኝን ሳልቀንስ ነገርኳቸው፤ ሲሚንቶው እንደማይጨብጥም ጭምር።

«ትናንት የለውም ያልከኝ ይሄንኑ ነው?»

«ይሄንኑ ነው፣ ሐጂ።»

ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ደለል ብትለኝ እኮ ትናንትናውኑ ራሴ አየው ነበር።»

ሠራተኛው ተበተነ። አሸዋው የግቢ ጉድጓድ መሙያ ሆነ። መንገዱ ተከፍቶ ሌላ እስካመጣ ሐጂ ሳምንት ጠበቁኝ። ከእኔ መግዛት አላቆሙም። ከዚያ ወዲህ ግን መኪናው ሲደርስ የላስቲክ ጠርሙስና ጨው ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። እስኪዘቅጥ ድረስ ስለ ቡና እናወራለን፤ ስለ አሸዋ አናነሳም።

ለዚህ ሥራ አዲስ የሆነ ሰው ጭነቱን ከማራገፉ በፊት ጠርሙሱን ራሱ ያውጣ። ያየውንም ደንበኛው በሚያውቀው ቃል ይንገረው።