ቀዩ ነጥብ

ወር በባተ ቁጥር፣ በልደታ ቀን፣ አንዲት አሮጊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ገበያ ማዕከሉ ይመጣሉ። ፈታሿ ስታሳልፋቸው ሱቆቹን ቀና ብለው እንኳ አያዩም፤ በቀጥታ መግቢያው ላይ ወደቆመው ስክሪን ነው የሚሄዱት። ሰው የሚፈልገውን ሱቅ ነክቶ መንገዱን እንዲያይበት የሠራሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ያደርጉና «እርስዎ እዚህ ነዎት» የሚለውን ቀይ ነጥብ ይነካሉ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚሳለም ሰው ያንኑ ጣት ይስማሉ።

ዛሬ አላስችል ብሎኝ ጠጋ አልኩ። «እማማ፣ የትኛውን ሱቅ ላሳይዎት?»

«ሱቅ አይደለም ልጄ። ቤቴ እዚህ ነበር። ፈርሶ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገባን።»

ጫማቸው በእርግጥም የሩቅ መንገድ አቧራ ለብሷል።

«አንድ ልጅ ነበረኝ፤ በሱዳን በኩል ከአገር ከወጣ ወዲህ ወሬው ጠፋ። እሱ የሚያውቀው ይህንን ሰፈር ነው። ይሄ ነገር ለሰው ሁሉ መንገድ ያሳይ የለ? ሲመጣ፣ እናትህ ጀሞ ናት ይበልልኝ።»

«ይሄ የሚያውቀው ሕንፃውን ብቻ ነው፣ እማማ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ።

«ይሁን» አሉ፤ ከቦታቸው ግን አልተነቃነቁም።

ስክሪኑን የሚነካው ሰው ሲጠፋ፣ መብራት እንዲቆጥብ ብዬ፣ እንዲጠፋ አድርጌዋለሁ። ሊደበዝዝ ሲል፣ የተኛ ልጅ እንደሚቀሰቅሱ ሁሉ በቀስታ ነኩት።

መልሶ በራ። «እርስዎ እዚህ ነዎት።»