ከላይ ነው ከታች?

ኢንጂነር ሴቨሪን የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሲነድፍ መሰኪያውን ከላይ አይቶ መሳል ሲገባው ከታች አይቶ ሳለው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆነና ሰባት ወር የለፋበት ሰሌዳ መብራት በገባለት በሦስተኛው ሰከንድ ጤሰ። «መሰኪያ ስትስሉ ሁለቴ እዩ» እያለ ተማሪዎችን የሚመክረውም እሱ ራሱ ነበር፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ፖላንድ ክራኮቭ ባለው ቤተ ሙከራቸው ባልደረባው ኪንጋ ሻይ ስትሰጠው እንኳ፣ «ከላይ ልቅዳልህ ከታች?» ትለዋለች። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ።

አሁን ሁለተኛውን ሰሌዳ ጨርሷል። በላዩ ያለችው ጥፍር የምታህል ቺፕ የሚያርፍባትን የራጅ ጨረር ቅንጣት በቅንጣት ትቆጥራለች፤ ሰሌዳው ደግሞ ቆጠራዋን አንብቦ ኮምፒውተር ላይ ሥዕል ያደርገዋል። ያደርገዋል ከተባለ ነው እንግዲህ። ፕሮፌሰር ያድቪጋ ቁርጡን ነግረውታል፦ እስከ ቅበላው ሐሙስ ካልሠራ ያለቀለት ዕቃ ይገዛል፣ የሴቨሪን የሦስት ዓመት ልፋት መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የግዢው ወረቀት ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

ሐሙስ ዕለት ከተማው ሁሉ በቅበላው ልማድ ቦምቦሊኖ ሲበላ፣ ፕሮፌሰሯ በቺፗ ልክ የጠበሷትን፣ ከባቄላ እምብዛም የማትበልጥ ቦምቦሊኖ ይዘው መጡ። በገዛ እጃቸውም ከቺፗ ፊት አስቀመጧት።

«ማርማላታውን በአንድ ጎኗ ብቻ ነው የከተትኩት። በየትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ፣ ኢንጂነር።»

ወዲያው ቁጥሮች በስክሪኑ ላይ ይጎርፉ ጀመር።

«ቆጠረ! አላልኳችሁም? ቆጠረ!» ሴቨሪን ከወንበሩ ዘለለ።

«ራጁን እኮ ገና አላበራሁትም» አለች ኪንጋ።

ለካ ቺፗን አንዴ አይቶ ለመደሰት ብርሃን የሚከልልላትን ጥቁር ጨርቅ ገልጦ ሳይመልሰው ቀርቷል። ስትቆጥር የነበረው የጣሪያውን መብራት ነው። ፊቱ እየቀላ ሸፈናት፤ ኪንጋም ሳቋን እየዋጠች ራጁን አበራች።

ሥዕሉ ቀስ እያለ መጣ። የሊጡ ቀዳዳዎች፣ ማርማላታው የገባበት የመርፌ መንገድ፣ በአንድ ጎን ደግሞ ድፍን ያለ ጥቁረት። ያምር ነበር።

«በግራ!» አለ ሴቨሪን።

ፕሮፌሰሯ ቦምቦሊኖዋን ሳያዞሩ አውጥተው በቢላ ከፈሏት። ማርማላታው በቀኝ ነበር።

ሴቨሪን ንድፉን አውጥቶ ቺፗ የተቀመጠችበትን ቦታ በጣቱ እየተከተለ ካየ በኋላ፣ ኪንጋ ሳትቀድመው ራሱ ተናገረ።

«ከታች ነው ያየሁት። አሁንም ከታች።»

ፕሮፌሰሯ ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብለው የመርፌዋን መንገድ ለረጅም ጊዜ አዩ። «እኔ እንኳ እንዲህ ጠማማ አድርጌ መውጋቴን አላወቅሁም» አሉ። «ገለበጠ እንጂ አልዋሸም። መገልበጡን በአንድ መስመር ፕሮግራም ያቃኑታል።»

ከዚያ የግዢውን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና ጣታቸው ላይ የቀረውን ዘይት ጠረጉበት። ሴቨሪን በደስታ እንባው መጣ፤ ማርማላታ ያለባትን ግማሽ አንስቶ ጎረሰ።