ጥም የሚወድ ተክል

ሰፈሩ «አባ እሾህ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ቡገንቪላ የተባለውን እሾሃም የአበባ ሐረግ ሲያራባ ክንዱ ከመቧጨሩ የተነሳ ከድመት ጋር ሲታገል የሚያድር ሰው ይመስላል። «ድመትስ ትታረቃለች» ይላል እየሳቀ።

ሚስቱ ሙሽራ ሳለች በእጇ የተከለችው ነጭ ቡገንቪላ አጥራቸውን ሞልቶት ነበር። አከራያቸው አጥሩን አፍርሶ ግንብ ሲያሠራ ተክሉ ከነሥሩ ተነቀለ። አባ እሾህ ከፍርስራሹ መሀል እርሳስ የሚያካክሉ ቅርንጫፎችን መረጠ፤ ከአንጓቸው በታች በስለት አጋድሞ ቆርጦ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር፣ በፕላስቲክ ከረጢት ተከላቸው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካልያዘ፣ የሚስቱ ተክል ዘር አይቀርለትም።

ቡገንቪላ ጥም ይወዳል። በተለይ ሥር ያላወጣ ቁራጭ ውሃ ከበዛበት ከታች ይበሰብሳል። ሚስቱ ይህን ከእሱ አስበልጣ ታውቅ ነበር። አሁን ግን መርሳት ይዟታል። ታጠጣለች፤ ማጠጣቷን ትረሳለች፤ ደግማ ታጠጣለች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው አንድ ቀን፣ «ልጆቹን በጥም ልትፈጃቸው ነው? አትክልተኛ ተብለህ!»

«አሁን አጠጣሻቸው እኮ፣ የኔ እናት።»

«እኔ? ውሸታም! እየው፣ አፈሩ ደርቋል።»

አፈሩ ጭቃ ሆኗል። ሌላ ቀን ማጠጫውን ቢደብቅባት በድስት ቀድታ መጣች። ቁራጮቹ አንድ በአንድ ጠቆሩ። በመጨረሻ አንዲት ብቻ ቀረች፤ እሷም የጥፍር ጫፍ የምታህል ቅጠል ብቅ አድርጋ ነበር። አባ እሾህ ይቺን ሲያይ ወዲያው ይዟት ጎረቤት ሄዶ ሸሸጋት።

ሚስቱ ግቢውን ዞራ ዞራ፣ ከረጢቱ የነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ምሳ ቢያቀርብላት አልነካችም።

«ልጄን ወሰዱብኝ። ማን ያጠጣልኛል?» እያለች አለቀሰች።

ትረሳዋለች ብሎ ጠበቀ። የልጃቸውን ስም ከረሳች ከርማለች፤ ይህን ግን አልረሳችውም። በማግስቱም እዚያው ቦታ ተቀምጣ አገኛት፤ እህል አልቀመሰችም። ተነስቶ ወደ ጎረቤት ሄደ።

«ኧረ አባ እሾህ፣ ይቺንም ትገድላታለች እኮ!» አለችው ጎረቤቲቱ ከረጢቱን አልሰጥም ብላ።

«አውቃለሁ፣ እህቴ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምን ላድርግ? ሚስቴንስ?»

ጎረቤቲቱ ከረጢቱን ሰጠችው፤ ሚስቱ ይዞት ሲመጣ ስታይ ፊቷ በራ። «መጣሽልኝ!» ብላ ማጠጫውን ሞልታ ገለበጠችባት። ውሃው ከረጢቱን ሞልቶ ፈሰሰ፤ ትንሿ ቅጠል ዋኘች። አባ እሾህ ከሚስቱ አጠገብ ቆሞ፣ «አምላኬ፣ ጤናዋን አንተ ታውቃለህ፤ ፊቷ ሲበራ ስላሳየኸኝ ተመስገን» አለ በልቡ።

«በል ምን ትገተራለህ? አልቋል፤ ጨምርልኝ» አለችው ባዶውን ማጠጫ እየዘረጋችለት።

ማጠጫውን ተቀብሎ ወደ ቧንቧው ሄደ።