እጅ የሚቆረጥም ቅዝቃዜ

የመኪና ኤሲ ስሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። "አዲስ አበባ ደግሞ ኤሲ ምን ያደርጋል?" ይለኛል። እውነቱን ነው። የእኛ ሰው ታክሲ ውስጥ መስኮት በጣት ስፋት ከተከፈተ "ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ መታን!" ብሎ የሚጮህ፣ ወበቅ ቢያፍነው የሚመርጥ ሰው ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ወይ መኪናውን ሊሸጥ የፈለገ ነው፣ ወይ ቆላ የሚወርድ። ለሚሸጠው ብዙም አልጨነቅም። ቆላ የሚወርደውን ግን ጠንቅቄ ማየት ነበረብኝ። አንድ ጊዜ አይቼ ዝም አልኩ። የምጽፈው እሱን ነው።

የምሠራባት ቤት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ጎሚስታና በአንድ ባትሪ ቤት መሃል የተሰካች ቆርቆሮ ናት። ሙያውን የተማርኩት ግን ድሬዳዋ ነው። እዚያ ያስተማሩኝ ሰውዬ መኪናውን ቀትር ላይ ፀሐይ መሃል ያቆሙትና፣ ሞተሩን አስነስተው፣ በሩን ከፍተው፣ ግማሽ ሰዓት ያቆዩታል። ያኔም ቅዝቃዜው ካልደከመ ቁልፉን ለባለቤቱ ይመልሳሉ። ከደከመ እንደገና ይፈታል። ያ ሁሉ ሰዓት ለአንድ መኪና ሲባክን ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው የምናደደው በራሴ ነው።

አዲስ አበባ ስመጣ የጠበቀኝ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። እዚህ ፀሐይ የለም፣ እጅ ነው ያለው። ደንበኛው ይገባል፣ መዳፉን ንፋሱ ከሚወጣበት ላይ ይደግናል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ካልቆረጠመው አልተሠራም። "ጋዝ ጨምርበት!" ይላል። ጋዝ ደግሞ ልክ አለው። ስንት ግራም እንደሚገባ ከኮፈኑ ስር ተጽፎ ተለጥፏል። ከልኩ ሲያልፍ በዚህ ብርድ አገር ብዙም አይታወቅም። በረሃ ሲወርድ ግን ግፊቱ ይጨምርና ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር እንዳይፈነዳ ራሱን ያጠፋል። ትንሽ ሲበርድለት ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩም ስንት ዓመት ሙሉ ለእጃቸው ስል ስጨምር ኖሬአለሁ፤ አብዛኞቹ ከደብረ ዘይት አያልፉም ብዬ።

ያቺ ሴት ግን ሎግያ ነበር የምትሄደው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኛው ብሎክ፣ ከእኔ አንድ ፎቅ በላይ ነው የምትኖረው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ አላገባችም፣ አባቷን ይዛ ነው የምትኖረው። አባቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ፍለጋ ወንበራቸውን ይዘው ከግድግዳ ግድግዳ ይዞራሉ። እኔን ሲያዩኝ "አንተ ብርድ ነጋዴ፣ ዛሬስ ስንት ሸጥክ?" ይሉኛል። "ገበያው ቀዝቅዟል አባባ" እላቸዋለሁ። በየቀኑ ያችኑ ተነጋግረን በየቀኑ እንስቅ ነበር።

ወንድ ልጃቸው አፋር፣ ሎግያ ይሠራል። ዘግይቶ ነው ያገባው፤ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ክርስትናው በአርባ ቀኑ ስለሆነ ቀኑን መግፋት አይቻልም። አባትየው የልጅ ልጃቸውን ሳላቅፍ አልቀርም ብለው ቁጭ አሉ። ስለዚህ ልጅቱ አሮጌ መኪናዋን ይዛ እኔ ጋ መጣች። ግንቦት ልደታ ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። እዚህ ዝናብ፣ እዚያ የዓመቱ ክፉ ሙቀት።

"ጋሼ፣ ነገ በጠዋት ነው የምንወጣው" አለችኝ። "አባዬን ይዤ ነው፣ አደራህን።"

"አይዞሽ፣ ለኔ ተይው" አልኳት።

አንድ የጎማ ቀለበት ጋዝ ያሳልፍ ነበር፣ ቀየርኩት። ጋዙን በሚዛን፣ በልኩ ሞላሁ። እስከዚህ ድረስ ምንም ጥፋት የለብኝም። ከዚያ ከፊት ያለውን ፋን በጣቴ አሽከረከርኩት። ይከብዳል፣ ይንኳኳል። መኪናው በቆመ ጊዜ ሙቀቱን ጠርጎ የሚያወጣው ይኸው ፋን ነው፤ በረሃ ላይ ከጋዝ ይበልጣል። ተክለ ሃይማኖት ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ሄጄ ሌላ ባመጣ ሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ዝናቡ ግን ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ምሳ አልበላሁም፣ ቅዳሜ ነው። "እየሄደች እስከሆነ ድረስ የመንገዱ ንፋስ ራሱ ያበርድላታል" አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት። ለእሷ አልነገርኳትም። ብነግራት ኖሮ "ሂድና አምጣልኝ" ትለኝ ነበር፤ ያልነገርኳትም ለዚያ ነው።

ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"ይኼ ነው እንዴ ጋሼ? የቢሯችን ማራገቢያ በምን ይሻላል? አፋር እኮ ነው የምሄደው!"

"በልኩ ነው የተሞላው።"

"ለአባዬ ስትል፣ ትንሽ ጨምርልኝ።"

በረሃ ላይ መጨመር እንደሚጎዳ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብናገር ትረዳኝ ነበር፤ የተማረች ሴት ናት። ግን እኔም ድክመት አለብኝ። ደንበኛ እጁን ደንግጦ ሲሰበስብ ማየት እወዳለሁ። ባለሙያ መባል ደስ ይለኛል። የጋዙን ጠርሙስ ገልብጬ ጨመርኩላት። "ኡፍ!" ብላ እጇን ሰበሰበችና ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

የመንገዱን ነገር ከተመለሰች በኋላ ራሷ ነው የነገረችኝ። እስከ አዋሽ ድረስ ኤሲው ግሩም ነበር። እንዲያውም አባትየው ጋቢና ተቀምጠው "አጥፊው፣ ንፋስ መታኝ" ይላሉ፣ ታጠፋለች። ትንሽ ቆይተው ያልባቸውና "እስቲ አብሪው" ይላሉ፣ ታበራለች። እየተሳሳቁ ነው የወረዱት። ገዋኔን አልፈው፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ተሳቢ መንገድ ዘግቶ ወድቆ አገኙ። ከፊት የመኪና ሰልፍ፣ ከኋላ የመኪና ሰልፍ። ዛፍ የሚባል የለም። ቆሙ።

መኪናው ሲቆም የመንገዱ ንፋስ ቆመ። ፋኑ ያው እኔ የማውቀው ፋን ነው። ጋዙ ከልክ በላይ ነው። ኤሲው ጠፋ። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ተነሳ፣ ቅዝቃዜ ብልጭ አደረገና መልሶ ጠፋ።

ጨርሶ የሞተ ኤሲ ሰው አይጎዳም። ሰውዬው ተሳድቦ መስኮቱን ይከፍታል፣ ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። ክፉው ግማሽ ሞቶ ግማሽ የሚተነፍሰው ነው። "አሁን ይመለሳል" እያለች መስኮቱን እንደዘጋች ተቀመጠች። ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ነው። አባትየውም እንደለመዱት መስኮት መክፈት አልወደዱም። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ቆዩ። ዞር ስትል አባቷ ላባቸው ቆሟል፣ ቆዳቸው ደርቋል፣ ስታናግራቸው የሚመልሱት የማይገናኝ ነገር ነው። ከኋላ ያለ የጭነት መኪና ሾፌር ነው ተሸክሞ አውርዶ ከመኪናው ጥላ ስር ያስተኛቸው፣ ውሃ ያፈሰሰባቸው።

ክርስትናው ያለ እሳቸው ተፈጸመ። ሆስፒታል ተኝተው ግሉኮስ ተተክሎላቸው ነበር፤ እሷም ከአጠገባቸው አልተነሳችም። ሲወጡ ሕፃኑን አሳቀፏቸው። የታቀፉት ግን ሰው ክንዳቸውን ደግፎላቸው ነው። ሲመለሱ በአውሮፕላን ተመለሱ፤ መኪናዋን ብቻዋን ነዳች፣ መስኮቷን ከፍታ።

በሳምንቱ መኪናዋን ይዛ መጣች። ፊቷ በፀሐይ ተልጧል። ይህን ሁሉ ቆማ ነገረችኝ፤ አንዲትም የወቀሳ ቃል አልወጣትም። እየጠበቅኩ ነበር። "ምን ሠርተህ ሰደድከኝ?" ብትለኝ ምን እንደምመልስ እንኳ አሰናድቼ ነበር። እሷ ግን እጆቿን እያሻሸች እንዲህ አለችኝ፦

"ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ አይደል? መንገዱን ሙሉ ሳበራ ሳጠፋ፣ ሳበራ ሳጠፋ..."

ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሼ ነበር። ቀና አላልኩም።

"መነካካት አይወድም" አልኳት።

ሁለት ቃል ናት። ውሸት ናት። ማብሪያ ማጥፊያ የተሠራው ለማብራትና ለማጥፋት ነው፤ በቀን መቶ ጊዜ ብትጫነው ምንም አይሆንም። እሷ ግን "አውቄው ነበር" አለችና ጥግ ያለችው የጎማ ቁልል ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ትርፉን ጋዝ አወጣሁ፣ ዝናብም ሳልል ተክለ ሃይማኖት ሄጄ አዲስ ፋን አምጥቼ ገጠምኩ። የእጄን ልትከፍለኝ ስትል እምቢ አልኩ። እሷ ደግሞ "እግዚአብሔር ይስጥህ ጋሼ፣ ሰው እንደ አንተ ይሁን" ብላ መረቀችኝ። ቤቴ ገብቼ እራት አልበላም አልኩ። ሚስቴ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ ጨጓራዬን አልኳት።

አባትየው ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲፈልጉ አላየኋቸውም። አራተኛ ፎቅ መውጣት መውረዱ ከበዳቸው፤ ቀስ በቀስ አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ ጊዜ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አውቄ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቤቱ በጠያቂ በሚሞላበት ሰዓት ነው የሄድኩት። ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርማ። ለራሴ እንዲህ ዓይነት መውጫ እያዘጋጀሁ ነበር የምሄደው። እሳቸው የሕፃኑን ፎቶ ከትራሳቸው ስር አውጥተው አሳዩኝ። "ግንባሩ የኔ ነው" አሉኝ። "ቁርጥ እርስዎን" አልኳቸው። ቶሎ ተነሳሁ።

ታኅሣሥ ላይ አረፉ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ዕድሜያቸውም ገፍቶ ነበር፣ ስኳርም ነበረባቸው፤ ይህን ሁሉ ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። የእድሩን ድንኳን ግቢው ውስጥ ስንተክል ከሁሉ በላይ የሠራሁ እኔ ነኝ። ካስማ መታሁ፣ አግዳሚ ተሸከምኩ፣ ሰው "ኧረ ረፍ በል" እስኪለኝ። ልጅቱ ሬሳው ሲወጣ ደረቷን እየመታች "በእጄ ነው ያጠፋሁህ አባዬ፣ በእጄ!" አለች። ሴቶቹ ያዟት፤ "አንቺማ ምን ያላደረግሽለት አለ" እያሉ አጽናኗት። ሐዘን ያናገራት መስሏቸው ነው። ምን ማለቷ እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አግዳሚውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ቤቴን አልፌ አንድ ፎቅ ጨምሬ ወጣሁና በሯን አንኳኳሁ። ጥቁር ለብሳለች። "ግባ እንጂ ጋሼ" አለችኝ። ሻይ ልታፈላ ስትነሳ "ተቀመጪ፣ ከተነሳሽ መናገር ያቅተኛል" አልኳት። ተቀመጠች።

በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ፋኑን ማወቄን፣ ዝናቡን፣ ጋዙን፣ ሳቃችንን። ማብራት ማጥፋቷ ምንም እንዳላደረገ፣ "መነካካት አይወድም" ያልኳት ራሴን ላድን ብዬ እንደሆነ። እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር። በጥፊ ብትለኝም ደስ ይለኝ ነበር።

የነጠላዋን ጫፍ ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

"አባዬ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ይቅርታ ጠየቀኝ" አለች።

"አባባ? በምን?"

"ያንተን ቃል ነግሬው ነበር። ‹ጋሼ መነካካት አይወድም አለኝ› ብዬ። እሱ ደግሞ ‹አብሪው አጥፊው እያልኩ ያስነካካሁሽ እኔ ነኝ፤ መኪናሽንም አበላሸሁ፣ የልጁ ክርስትና ላይም እንዳትቆሚ አደረግኩሽ› አለኝ። ለካ ስድስት ወር ሙሉ ሲያስበው ነበር። እጄን ይዞ አልለቅም አለኝ፣ ይቅር በይኝ እያለ።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት፣ ጋሼ። ምንም ያላጠፋውን ሰውዬ።"