ጭቃ በሦስተኛው ፎቅ

ባዳቾ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲመርግ የኖረ የአረካ ሰው ነው። እንጨቱን አናጢ ያቆመዋል፤ ጭቃ አቡክቶ፣ ጭድ ለውሶ ግድግዳውን የሚያለብሰው ግን እሱ ነው። ብሎኬት አገሩን ሳይሞላው በፊት በዚያ አካባቢ ቤት ሠርቶ ባዳቾን ያልጠራ አልነበረም። ቀልደኞች «ጭቃ ሹም» ይሉታል፤ አይቀየምም። የሚቀየመው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመረገው ግድግዳ ተሰነጠቀ ሲባል። አንድ ጊዜ፣ ከአምስት ዓመት በፊት በመረገው ጓዳ ጥግ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ታየ ቢሉት፣ የልጁን ሰርግ ትቶ ባልዲ አንጠልጥሎ ሄደ ይባላል። ሚስቱ አሳየሽ ግን «ሰርጉንስ አልተወም፤ እኔን ከነዕቃ አጠባው ነው ጥሎኝ የሄደው» ትላለች።

እኔ ባዳቾን መጀመሪያ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። ሶዶ ውስጥ፣ በአንድ ባለ አራት ፎቅ የመንግሥት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መዝገብ ቤት እሠራለሁ።

ነገሩን የጀመረችው ማክዳ የምትባል ወጣት የሥዕል መምህርት ናት። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ከተማ መጥታ በአንድ ኮሌጅ ታስተምራለች። «ቁስ፣ ገጽ፣ ቦታ» የሚል ኤግዚቢሽን ለማዘጋጀት ከአንድ የውጭ ድርጅት ድጋፍ አገኘች። የኤግዚቢሽኑ ዋና ሥራ አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ገበያው አጠገብ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል፤ አላፊ አግዳሚው ይነካዋል፣ ያሸተዋል፤ ቀስ እያለም ይሰነጣጠቃል። መራጊ ስታፈላልግ ባዳቾን ጠቆሟት፤ ሚኒባስ ተሳፍራ አረካ ወረደች።

«ጋሽ ባዳቾ፣ ግድግዳ እንዲመርጉልኝ ነበር።»

«ቤቱ የት ነው?»

«ቤት የለውም። ግድግዳ ብቻ ነው።»

«ጣሪያስ?»

«ጣሪያም የለውም።»

«ታዲያ ማን ይኖርበታል?»

«ማንም አይኖርበትም። ሰው እየመጣ ያየዋል።»

አሳየሽ ከበሩ ላይ ሆና በወላይትኛ «ልጅቷ አሟታል እንዴ?» አለች። ባዳቾም በወላይትኛ «የለም፤ ተምራ ነው» አላት።

ማክዳ ቀጠለች። «አንድ ነገር ብቻ። ጭድ እንዳይገባበት። እንዲሰነጠቅ ነው የምፈልገው።»

ባዳቾ አማርኛን የለመደው በሥራ ላይ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። «አንተ መምህር፣ እንዲሰነጠቅ ከሆነ እኔን ምን አደከመህ? ማንም ሰነፍ ይሠራልህ የለ?»

«ሥራው እኮ ስንጥቁ ነው፤ ጋሽዬ። ቁሱ ራሱ ይናገር ብዬ ነው።»

«ግድግዳ የሚናገረው ሊወድቅ ሲል ነው» አለ ባዳቾ። ግን ሥራ ከጠፋ ሦስት ወር አልፎት ነበርና እሺ አለ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወደ ቢሮ ገባ። የባህል ክፍሉ ኃላፊ አቶ ደገፉ የማክዳን ዕቅድ እስከ መጨረሻው አንብቦ ሜዳው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እንግዶቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት። ሜዳ ላይ ምን አለ? ዝናብ አለ፣ ከብት አለ።»

«አቶ ደገፉ፣ ዝናቡም ከብቱም የሥራው አካል ናቸው። ቦታው ከተቀየረ ሥራው ይቀየራል።»

«ከብት በእንግዶች ዝርዝር ውስጥ የለም» አለ አቶ ደገፉ፤ ግድግዳውንም ወደ ሦስተኛው ፎቅ አዳራሽ አዛወረው።

ስለዚህ ጭቃው ፎቅ ወጣ። ቀዩ አፈር ከአረካ፣ አመድማው ከዲምቱ በጆንያ መጣ። ማክዳ የዲምቱን አፈር በመዳፏ ይዛ «ሙቀቱ ይሰማል» ስትል ባዳቾ ደግሞ በሁለት ጣቱ አሽቶ «አሸዋ ነው፤ አይይዝም» አለ። ማክዳ መጽሔት ለማሳተምና እንግዶች ለመጥራት አዲስ አበባ ስትሄድ እሱ ጭቃውን መዝገብ ቤቱ በር አጠገብ፣ ኮሪደሩ ላይ ሸራ አንጥፎ አቦካው። ጭቃ እንደ ሊጥ ነው፤ ሳይብላላ አይመረግም። በአራተኛው ቀን የፋይናንስ ክፍል ሠራተኞች አፍንጫቸውን ይዘው አቤቱታ ጻፉ። እኔ ፈርሜ ተቀበልኩና ቁጥር ሰጠሁት። አቶ ደገፉ መፍትሔ አያጣም፤ ሽቶ የሚነፋ ቆርቆሮ አስገዝቶ ኮሪደሩን አስረጨ። ከዚያ በኋላ ፎቁ ሁሉ ሙሽራ የገባችበት በረት በረት ይሸት ጀመር።

ማክዳ የተመለሰችው በመክፈቻው ዋዜማ፣ ግድግዳው ተመርጎ፣ ደርቆ፣ በመጋረጃ ከተሸፈነ በኋላ ነው። ደረጃውን እየወጣች ሳለ ቆም ብላ በረጅሙ አየር ወደ ውስጥ ሳበች። «እንዴት ያለ ሽታ ነው! አያችሁ፤ አፈሩ ብቻውን፣ ምንም ሳይጨመርበት!» ባዳቾ አጠገቧ ቆሞ የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር። አፈር ብቻውን እንደዚያ እንደማይሸት የሚያውቅ ገበሬ በዚያ ፎቅ ላይ አልነበረም።

በማግስቱ እንግዶች መጡ። ንግግር ተደረገ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመው መጽሔት ታደለ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ስንጥቁ የዘመናችን ቁስል ነው» ይላል። አቶ ደገፉ መጋረጃውን ሳበው።

ግድግዳው እንደ እንቁላል ልሙጥ ነበር። ከታች ቀላ፣ ወደ ላይ አመድማ እያለ የሚሄድ፣ የፀጉር ያህል እንኳ እንከን የሌለበት። ማክዳ ወደ ባዳቾ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው።

«ጭድ ጨምረዋል?»

«ትንሽ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ሁለት ጆንያ» አለ ባዳቾ።

ከአዲስ አበባ የመጣው የሥነ ጥበብ ሐያሲ እስራኤል ይህን አልሰማም። መጽሔቱን አንብቦ ጨርሶ ስንጥቁን እየፈለገ ነበር። በጭቃው ግድግዳ ፊት ዞረ፤ አጣ። በስተኋላው ዞረ፤ እዚያ የሕንፃው የራሱ ግድግዳ አለ። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ያልሞላው የኮንክሪት ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በሰያፍ ተተርትሯል።

«ይኸው!» አለ እስራኤል። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ጎረፈ። «ድፍረቱን ተመልከቱ! ልሙጡን ጭቃ ከፊት አቁሞ ቁስሉን ከኋላ ይሸሽጋል። ቅዝቃዜው ይሰማችኋል? መስመሩ ውስጥ ማመንታት የለም።»

ስልኮች ወጡ። አንዲት እንግዳ በጣቷ ነካ ብታደርገው ዱቄት የመሰለ ነገር ተንጠባጠበ፤ «ወይ ጉድ!» ብላ ለጓደኛዋ አሳየቻት። የሕንፃውን ክትትል መሐንዲስ ድንገት በመስኮቱ በኩል የሚታየው የዳሞታ ተራራ ማረከው።

ባዳቾ ሰውን በትከሻው እየከፈለ ገባ። ፊቱ ተለዋውጧል። «አይ፣ አይ! ይሄ የኔ አይደለም። ይሄ የቤቱ ነው።»

ጣቱን በስንጥቁ አስከትሎ ወደ ወለሉ አወረደ።

«ከታች ነው የመጣው፤ ከመሠረቱ። ወንድሞቼ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም። ሰው ከዚህ ቢወጣ ይሻላል። ውጡ!»

እስራኤል ለትንሽ ጊዜ አፈጠጠበት፤ ከዚያ ማጨብጨብ ጀመረ። ትዕይንቱ ባዳቾን ይጨምራል ብሎ ነው። አዳራሹ ተቀበለው። ባዳቾ እጁን እያወናጨፈ «ውጡ እንጂ!» ባለ ቁጥር ጭብጨባው ደመቀ። ከጭብጨባው በኋላ ክትፎ በዳጣ ቀረበ፤ ሁሉም ስንጥቁን ተደግፎ በላ።

ሰኞ ጠዋት ስንገባ በስንጥቁ አጠገብ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፦ «ቁጥር ፯። ርእስ፦ መከፈት። ቁስ፦ ኮንክሪት። መንካት ክልክል ነው።» ሥራው የአቶ ደገፉ ነው። ለምን እንዳደረገው ለመረዳት አልከበደኝም። «የግድግዳ መሰንጠቅን ይመለከታል» የሚሉ፣ ለእሱ የተመሩ ሦስት ደብዳቤዎች በእጄ ላይ ነበሩ፤ አንዱም መልስ አላገኘም። በዚያ ሳምንት መልሱ መጣ። «የተጠቀሰው ስንጥቅ የሥነ ጥበብ ሥራ መሆኑ ስለተረጋገጠ ኮሚቴ ማቋቋም አላስፈለገም» ይላል። መሐንዲሱም ፈርሞበታል። ፋይሉን ዘግቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጠረጴዛዬን ግን ወደ በሩ ጠጋ አደረግሁ።

ባዳቾ ሁለት ጊዜ ባልዲውን ይዞ መጣ። «ባያድነውም ልያዝላችሁ» አለ። ዘበኛው ወረቀቱን እያሳየ መለሰው። የጭቃውን ግድግዳ ያየለት ሰው አለመኖሩ አይደለም ያሳዘነው። «እየለመንኳቸው አጨበጨቡ» ብሎ ነገረኝ። «ቤት እየተቃጠለ ቢሆንስ?»

ማክዳ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን አዳራሹ ባዶ በሆነበት ሰዓት መጥታ የጭቃው ግድግዳ ፊት ቆመች። መዳፏን አሳረፈችበት። ባዳቾ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

«አታለሉኝ እኮ፤ ጋሽ ባዳቾ።»

«አዎ» አለ። ቀጥሎም እንዲህ አላት፦ «ጭቃ ሲደርቅ እርስ በርሱ ይጓተታል። የሚይዘው ካጣ ይቀደዳል። አንተ እንዲቀደድ ፈለግህ። እኔም እሺ አልኩ፤ እውነቴን ነው። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።»

ማክዳ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በመዳፏ ስትዳስስ ቆየች። «ይሞቃል» አለች በመጨረሻ። ይህን በመጽሔቱ ላይ አልጻፈችውም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አረካ መሄድ ጀመረች። ሱሪዋን ሰብስባ ጭቃ ስትረግጥ አሳየሽ እየሳቀች ውሃ ታቀብላታለች። ለራሷ የመረገችው የመጀመሪያው ግድግዳ በሳምንቱ ከመሃል ለሁለት ሲከፈል ማክዳ ተናዳ አፈር ረገጠች አሉ። ባዳቾ ያን ቀን እንደ በዓል ውሏል።

ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ የጭቃውን ግድግዳ ለማንሳት በጀት አልተያዘለትም ነበርና እዚያው ቀረ። ቀስ በቀስ ሰው ጥቅሙን አወቀ። የሕንፃችን ኮንክሪት ፒን አይቀበልም፤ ጭቃው ይቀበላል። የጨረታ ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የዕድር መልእክት፣ የጠፋ መታወቂያ ሁሉ እሱ ላይ ይሰካል። አሁን ልሙጥነቱን ለማየት ወረቀት መግለጥ ያስፈልጋል።

ባለፈው ወር ባዳቾ ለይዞታ ጉዳይ ወደ ቢሮአችን መጥቶ አየው። ተናድዶ ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ። ጠጋ ብሎ አንድ ፒን ነቀለ፤ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን በጥንቃቄ መረመረ፤ በአውራ ጣቱም ዳር ዳሩን ጫን ጫን አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አየህ፤ አልተፈረፈረም» አለኝ፤ ፒኑን በቦታው መልሶም ተራውን ሊይዝ ሄደ።