የመዝሙር ሞተር

ላፍቶ ወንዝ ዳር፣ አባቴ ጎመንና ቀይ ሥር የሚያጠጣባት አሮጌ የቤንዚን ሞተር ነበረችን። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ ሌላ ሥራ ተጨመረላት። እሷ ደጅ ስታጓራ እኛ በር ዘግተን እንዘምራለን፤ የአብዮት ጥበቃዎቹ በአጥራችን ሥር ቢያልፉ የሚሰሙት ውሃ የሚስብ ሞተር ብቻ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ክረምት ላይ ግን አትክልት የሚያጠጣ ስለሌለ ሞተሯም እኛም ዝም እንላለን። በአንዱ ክረምት አባቴ አልጋ ያዘ። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት አሉን፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ እሱም አልጠፋውም። የለመነኝ አንድ ነገር ነው።

"ዝናቡ ሲያቆም አስነሺያትና አንድ መዝሙር አሰሙኝ።"

ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ አብረውን የሚዘምሩ ባልና ሚስት ከመካኒሳ መጡልን። ወጥቼ የሞተሯን ገመድ ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ። ወይ ፍንክች። አባቴ ከአልጋው ሆኖ በመስኮቱ ያዳምጣል።

"ቤንዚን ይወርዳል?"

"ይወርዳል፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ካንዴላውን ፍቺው።"

እሳት የሚረጨው ካንዴላ በቤንዚን ርሷል። አደረቅኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ከሞተሯ ብረት አስጠግቼ ገመዱን ብስብ እሳት የሚባል ነገር የለም።

"የጎን ክዳኗን አንሺ" አለኝ። "እየተነካኩ እሳት የሚሰጡ ሁለት ትንንሽ ብረቶች አሉ። ዝገው ይሆናል።"

ድምፁ እየደከመ ነበር። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፤ በሞተሯም በክረምቱም፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰው በገዛ ቤቱ እንዳይዘምር ባደረጉት። ዝገቱን ጠረግኩ፣ ሁሉንም መልሼ ገጠምኩና ሳብኩ። ሳል ሳል አላትና ጢሷን ተፍታ ተነሳች።

ሮጬ ገባሁ። እንግዶቹ መዝሙሩን ጀምረውታል፣ እኔም ተቀበልኳቸው። አባቴ ዓይኑን ከፍቶ ወደኔ አየ፤ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አፉ ላይ አደረግኩ። ትንፋሹ ጉንጬን ይነካኛል፣ ቃሉ ግን አይሰማኝም። እንግዶቹን በእጄ ዝም አሰኘኋቸው፤ የሞተሯ ጩኸት ግን ቤቱን ሞልቶት ምንም ሊሰማኝ አልቻለም። እንደገና ወጥቼ አጠፋኋት።

ስመለስ አባቴ ዝም ብሏል።

እንግዶቹ ሊያጽናኑኝ አብሮን ሲዘምር ነው ያረፈው አሉኝ። እስከ ዛሬም የሰማ ሁሉ እንዲያ ይለኛል። እኔ ግን ያንን መዝሙር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከንፈሩ ላይ የነበረው የመዝሙሩ ቃል አይደለም፤ ሌላ ነው።