ውሸታሙ ማግኖሊያ

እዚህ ሰሜን ጃፓን፣ እኛ ተራራ ሥር፣ ዛሬ የሩዝ ችግኝ ተገዝቶ በመኪና ይመጣል፤ ቀና ብሎ ጫካውን የሚያይ ሰው ጠፋ። ምን ዓይነት ዘመን ነው! እኔን ግን ሚያዝያ በገባ ቁጥር የአጎቴ ሚስት ኪኑ ትናፍቀኛለች።

በልጅነቴ የሩዝ ዘር ከመዘራቱ በፊት ውሃ ውስጥ የሚነከረው ኮቡሺ የምንለው የዱር ማግኖሊያ ዛፍ ነጭ አበባውን ሲያወጣ ነበር። አይቶ ለመንደሩ የሚያውጀው ደግሞ የኛ ቤት ነው። ኪኑ ከተራራው ማዶ ተድራ በመጣች በዓመቱ፣ ጫካው ነጣ ሲል አየችና "ፈነዳ! ዘር ንከሩ!" እያለች ወረደች። መንደሩ ነከረ፣ ዘራም። ለካ ያየችው ታሙሺባን ኖሯል! እሱም ማግኖሊያ ነው፣ እሱም ነጭ ነው፣ ግን ይቸኩላል። እሷ አገር ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ መኖሩን በምን ትወቅ? ውርጭ ወረደና ቡቃያውን ፈጀው።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ጎረቤታችን ጎንሳኩ ባገኛት ቁጥር "ሙሽሪት፣ ዛሬስ አበባ ነው በረዶ?" ይላታል። አፉን ይያዝለትና! አማቷ፣ ሴት አያቴ ቶዮ፣ ከዚያ ወዲያ አበባውን ራሳቸው ያዩ ጀመር። እሷን የጎዳት ይኸኛው ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ኪኑ ነጭ ነገር ባየች ቁጥር ትደነግጥ ነበር። አንድ ቀን ጫካ ውስጥ አገኘኋትና ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ።

"ከአበባው ሥር አንዲት ትንሽ ቅጠል ካለች ኮቡሺ ነው። ከሌለች ያ ውሸታሙ ነው።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?"

"ማን ይሰማኛል ብለሽ ነው፣ የኔ እናት?"

ዓመታት አለፉ፤ የአያቴ ዓይን ፈዘዘ። አንድ ጠዋት ጎንሳኩ ደጃችን ቆሞ "እማማ ቶዮ፣ ጫካው ነጣ ብሏል፤ እንንከር ወይስ እንቆይ?" አለ።

አያቴ ፊታቸውን ወደ ኪኑ አዞሩ። "ሂጂ እስቲ፣ እይ።"

ኪኑ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ቅርንጫፍ ይዛ ተመለሰች። "ይኸው እማማ፣ ቅጠሏን በጣትዎ ይዳስሷት።"

አያቴ እጃቸውን ከጉልበታቸው አላነሱም። "አበባ አምጪልኝ አልኩሽ? ደረሰ ወይ ነው ያልኩሽ።"

"ደ... ደርሷል።"

"ታዲያ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለመንደሩ ሰው ንገሪያቸዋ!"

ኪኑ ደጅ ወጥታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ "ንከሩ!" ብላ ጮኸች። ጎንሳኩ አንድም ቀልድ ሳይወጣው ዘሩን ሊነክር ወደ ቤቱ ሮጠ።